ሊብሬው ላይ ያለው ሰው

ገዢው ጎማ አልረገጠም፣ ሞተርም አስነሳ አላለኝም። ሊብሬውን ተቀብሎ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ስሙን አነበበና ‹‹ይሄ ሰውዬ በሕይወት አለ?›› አለኝ።

እኔ ምን አውቄ! ቮልሷን የገዛሁት በውክልና ነው። የሸጠልኝ ነጋዴም በውክልና፤ ለነጋዴው የሸጠለት የባለሊብሬው የእህት ልጅም በውክልና። ስም ማዛወር ወጪ አለው፣ ወረፋ አለው። ስለዚህ መኪናዋ ሦስት ጌታ ስትቀያይር ሊብሬው የፊተኛውን ሰው ስም ይዞ ቁጭ ብሏል። ክፋቱ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ወካዩ ሲሞት በመርሕ ደረጃ ውክልናውም አብሮት ይሞታል። የማላውቀው ሰው ጤና እንደዚያን ቀን አሳስቦኝ አያውቅም።

አድራሻው ደብረ ብርሃን ነው። ‹‹ሄደን እንያቸዋ›› አለ ገዢው። 130 ኪሎ ሜትር፣ በዚያችው ቮልስ።

የሚሸጥ መኪና ውስጥ ገዢን ጋቢና አስቀምጦ መንዳትን ለጠላቴም አልመኝ። ሰንዳፋ ሳንደርስ ‹‹ይቺ ቋ ቋ የምትለው ምንድን ናት?›› አለ። በሩ ነው አልኩት፤ 5 ሺህ ብር ቀነሰ። ‹‹ፉጨቱስ?›› ንፋስ ነው አልኩት፤ 3 ሺህ። ከአለልቱ ወዲያ ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ጮክ ብዬ መሳል ጀመርኩ። ቆማ ዋጋ አትቀንስምና ሸኖ ላይ ቅቤ ካልገዛሁ ብዬ ግማሽ ሰዓት አቆምኳት። ስንነሳ ‹‹ራዲያተሯ አያፈስም?›› አለ።

‹‹ራዲያተር የላትም።››

‹‹የላትም?›› ብሎ 10 ሺህ ሊቆርጥ አፉን ሲከፍት፣ ቮልስ በአየር እንጂ በውሃ እንደማትቀዘቅዝ እስከ ጫጫ ድረስ ሳስረዳው ሄድኩ።

ጋሼ በሕይወት አሉ! አጥራቸው ጥግ ጋቢ ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ። አቅፌ ሳምኳቸው፤ እሳቸውም ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ ሳሙኝ። መኪናዋን ግን ሁለት ጊዜ ዞረው አዩና ‹‹የኔዋ ነጭ ነበረች። ይቺ ቀይ ናት፤ አላውቃትም›› አሉ። ሊብሬውም ነጭ ነው የሚለው። ገዢው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ፤ የዚህኛው ሒሳብ ሳይነግረኝ ገባኝ።

የቮልስ ሻንሲ ቁጥር የኋላ ወንበር ሥር፣ ወለሉን መሀል ለመሀል በሚያቋርጠው ጉብታ ላይ ነው የተመታው። ወንበሩን አነሳነው። በአንድ በኩል ባትሪ፣ ቀሪው ዝገትና አቧራ። በሳንቲም ፋቅሁ፣ በአሮጌ ካልሲ ጠረግሁ። እኔ ተደፍቼ አነባለሁ፣ ገዢው ከሊብሬው ያመሳክራል። ‹‹ሰባት?›› ‹‹ሰባት።›› ‹‹አንድ?›› ‹‹ፋቅ አድርጋት፤ እሷም ሰባት ሳትሆን አትቀርም።›› ጋሼ ቁጥሩን አልጠበቁም። ከአቧራው ውስጥ አንድ ሁለት ፍሬ ለቅመው መዳፋቸው ላይ አገላበጡ፤ ገብስ ነው። አንዷን በጥርሳቸው ቆረጠሟት።

‹‹የኛ ናት›› አሉ።

ይሄኔ እትዬ ብቅ አሉ። ‹‹እሰይ፣ መለሳችሁልን?››

ለካስ ጋሼ ውክልናውን ለእህታቸው ልጅ ሲሰጡ ለባለቤታቸው የነገሯቸው ‹‹ለሰርግ ተውሷት ነው›› ብለው ኖሯል።

‹‹ዘጠኝ ዓመት!›› አሉ እትዬ። ‹‹ምን ዓይነት ሰርግ ነው? እስካሁን አላለቀም?››

ጋሼ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

በትዳር የተገኘ መኪና ያለ ሚስት ፊርማ አይሸጥም። ገዢው ይህን ሕግ ለእትዬ በዝርዝር ነገራቸው፤ ባይነግራቸው ምን ነበረበት! ከዚያ በኋላ ለምነን ለምነን በሦስተኛው ቡና፣ በበረካው፣ እሺ አሉ። ‹‹ግን ድሮ በምቀመጥበት በጋቢና ነው የምሄደው።›› ገዢው ከጋሼ ጋር ከኋላ፣ ባትሪው ላይ ተቀመጠ። ውክልና እስከሚፈረምበት ቢሮ ድረስ ስለ ድምፅ አንዲት ነገር አልተነፈሰም።

ቢሮው የጋብቻ ማስረጃ ጠየቀ። ‹‹አምስት ልጅ ወልደናል፤ ሌላ ምን ማስረጃ አለ?›› አሉ እትዬ። ምስክር ተፈለገ፣ ፎቶ ኮፒ ተነሳ፣ መብራት ጠፋ፣ መጣ። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ሁለቱም እንድሸጥና ስም እንዳዛውር ለእኔ ፈረሙ። ከሦስት ውክልና ለመገላገል መጥተን አራተኛውን ይዘን ልንመለስ ነው።

ልንሰናበት ስንል የደብረ ብርሃን ብርድ መጣ፤ ጋሼ ሳል ሳል አደረጋቸው። ገዢው ደነገጠ። በመንገድ ሙሉ ሳንቲም ሲቆጥርብኝ የዋለው ሰውዬ የገዛ ሻርፑን ከአንገቱ ፈትቶ ለጋሼ ጠመጠመላቸው፤ ጫፉንም ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጠው።

‹‹ጋሼ›› አላቸው፣ ‹‹ስሙ እስኪዞር ድረስ እባክዎን ማታ ማታ አይውጡ።››