ማትሪክ የገባበት ቤት

ፈተናው የልጅ ልጄ ነው፤ እስሩ ግን የእኔ። ከጥር ወዲህ በገዛ ቤቴ ሬዲዮ የምከፍተው ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ነው። ሳል ሲይዘኝ በረንዳ ወጥቼ እስላለሁ። ባለፈው ሰሞን አንድ ጎረቤቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ ገና «እንደምን ዋ…» ከማለቱ ልጄ ከሳሎን ብቅ አለችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሰውዬው ቤቱ ውስጥ ሬሳ ያለ መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ።

የሞተ የለም። ሒሳብ እየተጠና ነው።

እርግጥ ስሙ አሁን ማትሪክ አይደለም፤ የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ነው የሚባለው። እኔ ግን ማትሪክ እላለሁ። የእኔ ትውልድ መንግሥት ስም በለወጠ ቁጥር አፉን ልለውጥ ቢል ኖሮ ሌላ ሥራ ባልሠራ ነበር።

ሳሎናችንን ብታዩት አታውቁትም። የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ግራና ቀኝ ሳይንና ኮሳይን ተለጥፈዋል። የእኔ የወጣትነት ፎቶ ወርዶ በቦታው የዴሪቬቲቭ ሕጎች ወጥተዋል፤ ፎቶዬ የት እንደገባ የሚነግረኝ የለም። መታጠቢያ ቤት መስታወቱ ላይ ሳይቀር የሎጋሪዝም ወረቀት ስላለ ጢሜን ስላጭ የማየው ግማሽ ፊቴን ነው፤ በግራ ጉንጬ በኩል የብዜት ሎጋሪዝም የሎጋሪዝሞች ድምር መሆኑ ተጽፏል። ሳልፈልግ ሸምድጄዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ቢፈትኑኝ አንዷን ጥያቄ አገኛታለሁ።

ስለ ምግቡም ልናገር። ለአእምሮ ይጠቅማል የተባለ ሁሉ እየተገዛ ነው። እንቁላሉ ለልጅ ልጄ፣ ዓሣው ለእሷ፣ ኦቾሎኒና ዘቢቡ ለእሷ። እኔ ፊት የሚቀርበው ሽሮ ነው፤ የእኔ ማዕድ እንደ ፈተናው አራት ምርጫ የለውም። እናቷ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተስላለች። በስለቱ አልገባበትም። ግን የጃንጥላው ወጪ፣ የአስጠኚው ክፍያ፣ ኤክስትሪም የሚባለው አጋዥ መጽሐፍ፣ የወርክሺቱ ፎቶ ኮፒ ሲደመር ከጡረታዬ ይበልጣል፤ ዕድሜ ልኬን ሒሳብ ሹም ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝና ደመርኩት።

ፍርሃታቸውን አልነቅፍም። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠው ለ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ነበር፤ ያኔ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ጭራሽ 3.2 ሆነ፤ በዚያ ዓመት አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ሲል «መሻሻል ነው» ተባለ። ይሁን፣ ይሻሻል። እኔ በሥራ ዘመኔ መቶ ብር ተረክቦ ሦስት ብር ከሠላሳ ሳንቲም የሚያስረክበኝ ገንዘብ ያዥ ቢመጣብኝ ኦዲተር እጠራ ነበር። እዚህ ግን የሚጠየቀው ያ ገንዘብ ያዥ አይደለም፤ የምትጠየቀው ሦስት ብሯ ናት። ለምን መቶ አልሆንሽም ተብላ።

በእኛ ጊዜ… አዎ፣ ልጀምር ነው። የልጅ ልጄም በልቧ «ደግሞ ጀመሩ» ስትል ይታወቀኛል። በ1966 ዓ.ም. ማትሪክ ስወስድ በሠፈራችን አስጠኚ የሚባል ፍጥረት አላየሁም። ሒሳብ ያስተማሩን ህንዳዊ ነበሩ፤ እንግሊዝኛ ከሰላም ጓድ የመጣ ፀጉረ ረጅም አሜሪካዊ። አሜሪካዊው የህንዱን አነጋገር አይሰማውም፤ ህንዱ የአሜሪካዊውን አይቀበሉትም፤ እኛ በመሐላቸው የራሳችንን እንግሊዝኛ ፈጠርን፤ ዛሬም የምናገረው እሱን ነው። ካልኩሌተር በስሙም አናውቀው። ባለ አራት አሃዝ የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ነበረን፤ ከብዙ እጅ የተነሣ ጠርዙ ቅባት የጠጣ። ማታ ማታ የምናጠናው መንገድ መብራት ሥር ነው፤ ጥሩ ብርሃን ያለበትን ምሰሶ ለመያዝ ጠብም ነበር። ይህ ሁሉ ተደርጎ ፈተናው ታለፈ፤ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣና በ1967 ገጠር ገብቼ ለገበሬ ሀ ሁ ሳስቆጥር ከረምኩ። የሎጋሪዝም ሠንጠረዡን ይዤው ሄጄ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

ወደ አስጠኚው ልምጣ። የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነው፤ ትሑት ልጅ፣ ጫማውን ደጅ የሚያወልቅ፣ ሁለተኛ ሻይ በግድ የሚቀበል። ጠቤ ከእሱ ጋር አይደለም፤ ከሚያስተምረው ጋር ነው። በመጀመሪያው ቀን በጆሮዬ የሰማሁት ቃል «ጥያቄውን አትፍቺው» የሚል ነው። «ምርጫዎቹን እያስገባሽ ሞክሪ፤ ሁለቱ ወዲያው ይወድቃሉ፤ ከቀሩት ሁለት ትመርጫለሽ» አላት። ሾርትከት ይባላል። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ሾርትከት አለው። የሊሚት ጥያቄ ላይም ታችም ዜሮ ሲሆንበት «ሎፒታል!» ይላል፤ ላዩንም ታቹንም ዴሪቬት አድርጎ ይገላገላል።

«ሎፒታል ማነው?» አልኩት።

«ሕግ ነው፣ አባባ።»

ሕግ አይደለም፤ ሰው ነው። ቤቱ ለእኔ የማይመች ስለሆነ ቀን ቀን አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ እቀመጣለሁ፤ እዚያ ነው ያገኘሁት። ከፈረንሳይ መኳንንት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1696 መጽሐፍ አሳተመ፤ ሕጉን ያገኘው ግን ዮሃን በርኑሊ የሚባል፣ ከእሱ ገንዘብ እየተቀበለ ያስጠናው የነበረ ሰው ነው። አስጠኚው ሠራ፣ ከፋዩ ስሙን ወሰደ። ይህን ለልጁ ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ፤ የራሱን ክፍያ አስቦ ይመስለኛል። የልጅ ልጄ ግን እስክሪብቶዋን አላነሣችም።

«አባባ፣ ይሄ አይመጣም።»

የቤታችን ሕገ መንግሥት ይህ ነው። ዓለም በሁለት ተከፍላለች፤ የሚመጣና የማይመጣ። የሚመጣ ይሸመደዳል፤ የማይመጣ አይሰማም። እኔ እስካሁን ከማይመጡት ወገን ነኝ።

ከሚመጡት አንዱ የታንከሩ ጥያቄ ነው። ሾጣጣ ታንከር ውስጥ በየደቂቃው 2 ሜትር ኩብ ውኃ ይገባል፤ የውኃው ከፍታ በምን ያህል ፍጥነት ይጨምራል? በየደቂቃው 2 ሜትር ኩብ! በእኛ ሠፈር ውኃ በፈረቃ በሌሊት ይመጣል፤ እሱም ከመጣ። እንዲህ ያለ ታንከር ያለው ሰው ካለ ሒሳቡን ትቼ አድራሻውን ነው የምጠይቀው። ጥያቄው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ ስሌቱ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ሾጣጣው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይሰምጣሉ።

ኢንተግራል ላይ ሲደርሱ ግን ተስፋ አድርጌ ነበር። ያቺ የተጎተተች ምልክት ምን እንደሆነች አብርሆት ሆኜ አነበብኩ። ላይብኒትዝ የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1675 የጻፋት የድምር ምልክት ናት። ድምር! ዕድሜዬን የበላሁበት ነገር! ስንጥቅጣቂውን ሁሉ ሰብስቦ መደመር ነው ለካ። ታክሲ ተሳፍሬ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። «ልጄ፣ ይቺ እኮ ድምር ናት!» አልኳት። «አውቃለሁ አባባ፣ ፓወሩ ላይ አንድ ጨምሬ በእሱ አካፍላለሁ» አለች። ምን እንደምትደምር ግን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። አይመጣማ።

አንድ ቀን እልህ ያዘኝና «የኤክስ ስኩዌር ዴሪቬቲቭ ሁለት ኤክስ የሆነው ለምንድን ነው?» አልኩ። ልጅቱ አስጠኚውን አየች፤ አስጠኚው ግድግዳውን አየ። «ፓወር ሩል ነው» አሉ በአንድ ድምፅ። እኔ ደግሞ ለዚህ ነገር የሚሆን ጎረቤት አለኝ። ግቢው አራት ማዕዘን ነው፤ አራቱም ጎኑ እኩል። ይህ ሰው በምሥራቅ በኩል አጥሩን አንድ ስንዝር ገፋ፤ በሰሜን በኩልም አንድ ስንዝር ገፋ። ምን አተረፈ? በምሥራቅ የጎኑን ያህል የረዘመ ቀጭን መሬት፣ በሰሜንም እንደዚያው፤ ሁለቱ መሬቶች ያ ሁለት ኤክስ ናቸው። ጥጉ ላይ ደግሞ ስንዝር በስንዝር የሆነች ቁራሽ ትቀራለች፤ የገፋው እያነሰ በሄደ ቁጥር እሷ ከቁጥር አትገባም፤ ቀበሌም አይከስባትም። አለቀ።

ልጁ ዝም ብሎ ወረቀቱን አየ። «በጣም ቆንጆ ነው፣ አባባ» አለኝ። «ግን ይህን ለማስረዳት ዐሥር ደቂቃ ፈጁ። ጥያቄው 65፣ ሰዓቱ 3 ነው፤ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም።»

እውነቱን ነው፤ በያዙት የቀድሞ ፈተናዎች ጥራዝ ላይ እንዲያ ይላል። እኔም እዚያው ቁጭ ብዬ የራሴን ስሌት ሠራሁ። አራት ምርጫ ባለበት 65 ጥያቄ፣ 22ቱን ብቻ በደንብ የሚያውቅ ተማሪ የቀሩትን 43 በጭፍን ቢያጠቁር በአማካይ 11 ያህል ይወድቅለታል፤ 33 ሞላ፣ ግማሹን አለፈ። ሲሶ ያወቀ ግማሽ ይከፈለዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ለጋስ ፈተና ሆኖ ሳለ ከመቶ ዘጠኝ እንኳ የማያልፉት ለምንድን ነው? ሾርትከት ስላነሳቸው አይደለም፤ በሾርትከት ተጥለቅልቀዋል።

መልሱን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። የልጅ ልጄ አንድ ጥያቄ ስትሠራ ዴሪቬቲቩን ሳትደናቀፍ ጨረሰችው፤ መጨረሻ ላይ ግማሽና ሲሶ መደመር ቀረ። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደመረችና ሁለት አምስተኛ ጻፈች። ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ያንሳል! ግማሽ ዳቦ ላይ ሲሶ ጨምረህ ከግማሽ የሚያንስ ዳቦ የምታገኘው የት ሀገር ነው? በዚህ የኑሮ ውድነት እንኳ ዳቦ እየተጨመረበት አልቀነሰም። አምስት ስድስተኛ ነው። ይህ የአምስተኛ ክፍል ትምህርት ነው፤ ያኔ ማንም አላቆማትም፤ ስህተቱ በስድስተኛም፣ በስምንተኛም፣ በዘጠነኛም እየተንከባለለ መጥቶ በ12ኛ ክፍል ከኢንተግራል ጋር ተጋጨ። አስጠኚው ስህተቱን አርሞ አለፈ። ጊዜ የለማ። ያለፉትን ዓመታት ቀዳዳ በአምስት ወር ሾርትከት ይደፍናል ተብሎ ነው የተቀጠረው፤ ምስኪን።

ቀኑ ሲደርስ የልጅ ልጄ ብርድ ልብስና አንሶላዋን ሸክፋ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ትሄዳለች። ለዚህም ምክንያት አለው፤ ፈተናው በ2008 ዓ.ም. ቀድሞ አፈትልኮ ተሰረዘና እንደገና ተሰጠ፤ በማግስቱ ዓመት ፈተና ሲሰጥ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በኋላ ደግሞ ልጆቹን ራሳቸውን ግቢ ውስጥ መዝጋት መጣ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ልጄ ለዚያ ሳምንት ከአሁኑ ታለቅሳለች። እኔ አላለቅስም። የማዝነው ልጅቱ ሾርትከቶቿን ተሸክማ፣ አንድም «ለምን» ሳትይዝ ስለምትሄድ ነው።

እናንተ ዘመዶች ሆይ፣ ጳጉሜም ይሁን መስከረም ውጤት በወጣበት ሌሊት «ስንት አመጣች?» ብላችሁ አትደውሉ፤ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ፤ አልመልስም። ይልቅ አምስተኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ዛሬ ማታ ግማሽና ሲሶ ስንት እንደሆነ ጠይቁት። ሁለት አምስተኛ ካላችሁ አስጠኚ አትቅጠሩለት፤ ዳቦ አምጡና አጠገቡ ቁጭ በሉ።