ራምፕ እንደሆነ አለ

የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድም፣ ደረጃ መውጣት ለሚያቅተውም የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሏል። በ2002 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቀናል። በማጽደቅ ማን ይቀድመናል!

እናም የመብራት ሒሳብ የሚከፈልበት አንድ ቢሮ ራምፕ ሠራ። በዊልቸር የወረደበትን ሰው በቀጥታ አስፋልቱ መሐል ያደርሰዋል፤ ለትራንስፖርቱ አይከፈልም። መውጣት የፈለገ ግን መጀመሪያ መንገዱን የዘጋው የጥበቃው ሞተር ሳይክል ይነሳለት፤ ለዚያም ጥበቃው ከቁርስ ይመለስ። እንደ ምንም ተገፍቶ የገባ ሰው «ቅሬታ ሰሚ 3ኛ ፎቅ» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ያነባል። ሊፍትማ አለ። መብራት ነው የጠፋው፤ እዚያው መብራት በሚከፈልበት ቤት። (ጄኔሬተሩ የኃላፊውን ፎቅ ብቻ ነው የሚያውቀው።) በዓመቱ ሪፖርት ላይ «ራምፕ፦ አለ» ተብሎ ተሞልቷል። የወጣበት ሰው ይኑር አይኑር ቅጹ አይጠይቅም።

ባለዊልቸሩ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ የካርድ ቆጣሪው ከቋሚ ሰው ራስ በላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። ካርዱን የሚያስገባለት የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመጣ በጨለማ ይቀመጣል፤ ደግነቱ ጨለማው አይቆጥርም።