ይድረስ ለጋሼ ቴሌ

ለተከበሩ ኢትዮ ቴሌኮም፤

እኛ የወልድያ፣ የመርሳና የመላው ሐብሩ ሰዎች ነን።

የምንጽፍልዎ ልናመሰግንዎ ነው። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ብቻዎን ኖረው፣ በስተርጅና ተፎካካሪ ሲመጣብዎ አላኮረፉም። እንዲያውም ተሰናድተው ጠበቁት። ግንቦት 2013 ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር የቴሌኮም ፈቃድ ሲያሸንፍ፣ በዚያው ወር እርስዎ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎትዎን፣ ቴሌብርን፣ አስጀመሩ። እንግዳው ግን በሞባይል ገንዘብ እንዳያስተላልፍ ተከለከለ። የኔትወርክ ማማም ቢሆን ወይ ራሱ ይተክላል ወይ ከእርስዎ ይከራያል እንጂ፣ ማማ ከሚያከራይ ሌላ ድርጅት ጋር መዋዋል አይችልም ተባለ።

ሳፋሪኮም ሌላ 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የራሱን የሞባይል ገንዘብ፣ ኤምፔሳን፣ የጀመረው ነሐሴ 2015 ነው። እስከዚያ መርሳ መንገድ ዳር ብርቱካን የሚሸጡት እናት እንኳ «በቴሌብር አስገባልኝ» ማለት ለምደዋል። በዚያ ወር ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበርና፣ የውድድሩ ወሬ እኛ ዘንድ የደረሰው ዳታ ሳይኖር ነው።

«በሳፋሪኮም ላይ የተጣለውን ክልከላ የወሰንኩት እኔ አይደለሁም» ይሉን ይሆናል። እውነትዎን ነው፤ የወሰነው ባለቤትዎ መንግሥት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 እርስዎን የሚቆጣጠረውን የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ያቋቋመውም እሱው ነው። «አባት ዳኛ፣ ልጅ ቀማኛ» የሚሉትን አይስሟቸው፤ ምቀኞች ናቸው።

በ2017 ከመቶ አሥር እጅዎን ለሕዝብ ሲያቀርቡም ሻጩ ያው ቴሌብር ሆነ። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ሰዉ የእርስዎን ያህል ትልቅ ሰው ሸሪክ ማድረግ አፍሮ መሆን አለበት።

አሁን ሁለት ነገር እንለምንዎ። ተፎካካሪዎን ለማማና ለመስመር ኪራይ የሚያስከፍሉትን ዋጋ በአደባባይ ይለጥፉልን። ባለሥልጣኑ ያዘዘዎትንና እርስዎ የፈጸሙትንም በየዓመቱ ጎን ለጎን ያሳትሙልን። ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ያለው ድርጅት ለማሸነፍ የዳኛ ዘመድ መሆን አያስፈልገውም።

አክባሪዎችዎ፣
የወልድያና የሐብሩ ደንበኞች