ዩዡዋሊ በዲንሾ፦ የአንድ ተውሳከ ግሥ ጥናት

የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጻሕፍት የድግግሞሽ ተውሳከ ግሦችን ሲያስተምሩ መሰላል መሥራት ይወዳሉ። ኦልዌይስ መቶ በመቶውን ይዞ ከላይ ይቀመጣል፤ ኔቨር ዜሮውን ታቅፎ ከታች ይውላል፤ ዩዡዋሊ፣ ኦፍን፣ ሰምታይምስና ሬርሊ በመካከል እንደየማዕረጋቸው ይደረደራሉ። ለዩዡዋሊ የሚቆረጥለት ድርሻ እንደ ደራሲው ቸርነት አንዱ ጋ 80፣ ሌላው ጋ 90 በመቶ ነው። ተማሪው ይህን ሸምድዶ፣ ባዶ ቦታውን ሞልቶ፣ ፈተናውን ያልፋል፤ ቃሉን ግን አላወቀውም። የዚህ ጥናት መከራከሪያ አጭር ነው፦ ዩዡዋሊ በመማሪያ ክፍል ውስጥ አይገኝም። መኖሪያው ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር አልፎ፣ ከአዳባ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዲንሾ ነው።

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ከተማ ናት። ስለዚህም ስለ አውሬ ባሕርይ በማለዳ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለማያውቁት እንግዳ ቃል ይገባባታል። አውሬው ግን በውሉ ላይ አልፈረመም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር እንኳ ቀይ ቀበሮ በስንት ሰዓት የት መገኘት እንዳለበት የሚደነግግ አንቀጽ አልተጨመረም። ባለ ጉዳዩ ባልፈረመበት ውል ቃል የሚገባ ሰው ምን ዓይነት ቋንቋ እንደሚያስፈልገው መገመት አያዳግትም።

በደጋ አጋዘን እንጀምር። ሳይንስ ይህን የሚያህል እንስሳ ስም ሰጥቶ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ የባሌ ሰው ግን ሳይንስ እስኪደርስ አልጠበቀም። አጋዘኑ በመሥሪያ ቤቱ ዙሪያ ባለው ጥድና ኮሶ ሥር፣ በጋይሳይ ሜዳም እንዲህ ሳይደናገጥ ስለሚግጥ አላዋቂ ሰው «ኦልዌይስ» ለማለት ይፈተናል። አስተዋይ አስጎብኚ ግን አይልም፤ ጥንቃቄው ትክክል መሆኑን የገዛ ገንዘባችን ይመሰክራል። በአሥር ሳንቲም ላይ የተቀረጸው ይኸው አጋዘን አንድ ጊዜ በሁሉም ኪስ ኦልዌይስ ነበር፤ ዛሬ ሬርሊ ሆኗል። ብረት ላይ የተቀረጸው ካልጸና፣ በአራት እግሩ የሚሄደውን ማን ይዋሰዋል?

የቀይ ቀበሮው ጉዳይ ይበልጥ የረቀቀ ነው። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ እንደሚኖሩ ይታወቃል። በመጽሐፉ መሰላል ቢለካ ቦታው ከሬርሊም በታች ነበር። ነገር ግን ቀበሮው የሚያድነው በቀን ነው፤ ቀለቡ የሆነው ግዙፉ ፍልፈልም ከባሌ ውጭ የትም የለም። ስለዚህ በሳነቴ አምባ ላይ ይኸው ብርቅዬ እንስሳ ዩዡዋሊ ይታያል። በመቶኛ የሚያምኑ ሰዋስወኞች «የምኑ 80 በመቶ?» ተብለው ተጠይቀው አያውቁም። ሳነቴ ጠይቃቸዋለች።

በመስክ ሦስት ዓይነት ዩዡዋሊ ተለይቷል። የማለዳው ተስፋ ነው፤ የማታው ማጽናኛ ነው፤ ሁለቱም ብዙ አያነጋግሩም። ጥናት የሚገባው የቀትሩ ነው፤ እንስሳው የሌለበትን ቦታ በጣት እያመለከቱ «ዩዡዋሊ፣ ሂር» የሚባለው። ይህ ተውሳከ ግሥ ሆኖ ግሥ የሌለው ነው፤ መጽሐፉ ከዋናው ግሥ በፊት ይግባ ቢልም የሚገባበት ግሥ የለም። ይህ ግን የሰዋስው ድክመት አይደለም። ግሥ ከመጣ ጊዜ ያስከትላል፤ በአሁን ጊዜ ቢነገር ሐሰት፣ በኃላፊ ጊዜ ቢነገር ኑዛዜ ይሆናል። ባለሙያው ግሡን በመተው ከሁለቱም ይድናል። ጣቱም የራሱ ሰዋስው አለው። አንድ ጣት ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ አንድ የታወቀ ጉድጓድ ማለት ነው። መዳፍ ተከፍቶ ከዞረ ዩዡዋሊ መላውን ሳነቴ ከነቱሉ ዲምቱ፣ እስከ 4,377 ሜትሩ ጫፍ ድረስ አጠቃሏል። ብርዱ ጸንቶ እጅ ከኪስ አልወጣ ሲል በአገጭ ይጠቆማል፤ የአገጭ ዩዡዋሊ አቅጣጫው ስለማይለይ ማስተባበያ የለውም፤ ከሁሉ የጠነከረው እርሱ ነው። ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ ጣቱም መዳፉም አገጩም አንድ ይሆናሉ፤ ዩዡዋሊ ብቻውን ቆሞ ይቀራል።

«ይህ ሁሉ ምን ያስፈልጋል? በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ፣ በአፋን ኦሮሞም ዬሮ ባዬ አለ አይደለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። አለ። ችግሩ እነዚህ ቃላት ዘመድ ያላቸው መሆኑ ነው። አንድ የጎባ ሽማግሌ ፊት «አብዛኛውን ጊዜ» ያለ ሰው «ባለፈው ማክሰኞስ?» መባሉ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ የማክሰኞን ጉዳይ ማስረዳት ነው። ዩዡዋሊ ግን ባዕድ ስለሆነ ማንም ስለ ማክሰኞ አይጠይቀውም። ደግሞም ቃሉን ይዞ የመጣው እንግዳው ራሱ ነው፤ በገዛ ቃሉ ቢረታ አቤት የሚልበት የለውም።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ ይህ ማምለጫ እንጂ ዕውቀት አይደለም ይላሉ። ከሮቤ ጎባ የሚሠራ ሚኒባስ ረዳት መኪናው ግማሹ ባዶ ሳለ «አንድ ሰው ብቻ!» ሲል አንዳች ተውሳከ ግሥ አይጨምርም፤ ማንም ማምለጫ አይለውም። አስጎብኚው በአንጻሩ ከማያውቀው ላይ አንድ ቃል ቀንሶ ይናገራል፤ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከብዙ ዕቅድና ሪፖርት ጸሐፊ አይገኝም። የስንዴ ማሳ ባለቤት ኮምባይነሩ የሚመጣበትን ቀን ሲጠይቅ ዩዡዋሊ የሚል መልስ ቢያገኝ ኖሮ ስንት ጭቅጭቅ በቀረ! አክቹዋሊን የሚያነሡ የአዲስ አበባ ተከራካሪዎችም አሉ፤ እርሱ ግን ጉሮሮ መጥረጊያ እንጂ ቃል ስላልሆነ ወደ ጥናቱ አልገባም።

በዕቅዳችን መሠረት ቀሪዎቹን እርከኖች በተራ መመርመር ይገባን ነበር። ኦፍንን ከዩዡዋሊ የለየ ሰው እስካሁን ስላልቀረበ ትተነዋል። ሰምታይምስን የኔትወርክ ባለሙያዎች ይዘውታል። ሬርሊን በሚገባ ለማጥናት ደግሞ ከሳነቴ ወደ ሐረና ደን ወርዶ አንበሳ መፈለግ ግድ ይላል፤ አጥኚው አንበሳውን ካላገኘ ማስረጃ ይጎድለዋል፤ ካገኘ ደግሞ ጥናቱን የሚጨርስለት ሰው መኖሩ ያጠራጥራል።