በፒያሳ የመቀጣጠርና አቅጣጫ የማመላከት ሥርዓት፦ ከኮሪደር ልማቱ በፊትና በኋላ

የአዲስ አበባ ሰው በጎዳና ስም ተመርቶ የትም ደርሶ አያውቅም። ፒያሳ ውስጥ በሁለት የእንግሊዝ ጄኔራሎች፣ በካኒንግሃምና በዌቭል፣ የተሰየሙ ጎዳናዎች አሉ። ቶሞካ ቆሞ ማኪያቶውን የሚጠጣን ሰው «ዌቭል ጎዳና የት ነው?» ብትሉት ግን ትንሽ አሰብ አድርጎ «ቦሌ አካባቢ መሰለኝ» ይላችኋል። መልሱ የተሰጠው እዚያው ዌቭል ጎዳና ላይ መሆኑ ለዚህ ጥናት መነሻ ሆኗል።

ታዲያ ሰው በምን ይገናኝ ነበር? በማህሙድ። ማህሙድ ሙዚቃ ቤት በር ላይ ከቆመው ሕዝብ ውስጥ ካሴት ሊገዛ የመጣው ጥቂቱ ነበር፤ የቀረው ሰው ይጠብቃል። የከተማው ግማሽ የተጫጨው እዚያ ተቀጣጥሮ ነው ቢባል ግነቱ ትንሽ ነው። የሥርዓቱ ዋና ጠባይ ደግሞ ጊዜ አለመጠየቁ ነው። «ደርሻለሁ» ያለው ሰው ገና ስድስት ኪሎ ታክሲ እየጠበቀ መሆኑን ጠባቂው ያውቃል፤ ተጠባቂውም ጠባቂው እንደሚያውቅ ያውቃል፤ ማንም አይቀየምም። ለማነጻጸር ያህል፣ «ወርቅ ቤቱ ጋ» ብሎ የሚቀጥር ሰው ወይ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይ መገናኘት አልፈለገም። ወርቅ ቤቶቹ ተደርድረው የቆሙ ስለሆነ የትኛውም ወርቅ ቤት ያ ወርቅ ቤት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛውና ጥልቁ ግኝታችን የፒያሳ ምልክት መኖር የማይጠበቅበት መሆኑ ነው፤ እንዲያውም ቢጠፋ ይመረጣል። የአራዳ ገበያን ጣልያን በወረራው ዘመን ነቅሎ ወደ ዛሬው መርካቶ ወሰደው፤ አራዳነቱ ግን ከጊዮርጊስ ደጃፍ አልተነቃነቀም። ጣልያኑም በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ፒያሳን ትቶልን ሄደ። እቴጌ ሆቴል በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ እሳት ከነካው በኋላ ከበፊቱ ይልቅ ለማሳየት ቀለለ፤ «የተቃጠለው» ሲባል የሚስተው አልነበረም። በሰፈሩ አንድ ሱቅ ሥራ ሲቀይር የድሮ ስሙ ይሞታል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል፤ አድራሻ ሆኖ ሥራ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። «ወረድ ብለህ፣ ፎቶ ቤቱ የነበረበት ጋ ታጠፍ» ማለት ለተወለደበት ሰው ሙሉ መረጃ ነው። ላልተወለደበት ደግሞ ሊስትሮ አለ።

የፒያሳ ሊስትሮ በጥናቱ ሰፊ ቦታ ይዟል፤ ይገባዋልም። ሊስትሮው ሲጠየቅ ብሩሹን ከጫማው ላይ አያነሣም፤ በአገጩ ያሳያል። አገጩን ትንሽ ከፍ ካደረገ «እዚሁ ነህ» ማለት ነው። አንገቱን ስቦ ወደ ላይ ከወረወረው መንገድ መሻገር አለ። አገጩም ዓይኑም አብረው ከሄዱ «አሁንስ ታክሲ ያዝ» ማለት ነው። ቃል ካወጣ ግን የጠየቃችሁት ነገር ከፈረሰ ቆይቷል፤ ታሪኩን ሊያጫውታችሁ ነው፤ ሌላኛውንም ጫማ አቅርቡ።

እነሆ 2016 ዓ.ም. መጣ። በየካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ተመረቀ፤ ወዲያው የኮሪደር ልማቱ ፈረሳ ጀመረ። ዶሮ ማነቂያም ሠራተኛ ሰፈርም ቀመሱት። ከላይ በጠቀስነው ሕግ ከሄድን ይህ በታሪክ ታይቶ የማይታወቅ የምልክት ሀብት ነው፤ «የነበረበት ጋ» የሚባል ቦታ በአንድ ሰሞን እንዲህ በዝቶ አያውቅም። ተመራማሪው ውጤቱን በጉጉት ጠበቀ።

ውጤቱ ከሕጉ ጋር አልተስማማም። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ ይህን የካደ ዐይን የለውም። ድሮ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይጋጭ የማያልፍበት ቦታ ዛሬ አግዳሚ ወንበር፣ የብስክሌት መስመር፣ አበባና መብራት አለበት፤ ማታ ማታ ሰው ከነልጆቹ ፎቶ ሊነሣ ይመጣል። ላስቲኩን መሬት ላይ ዘርግቶ ካልሲና ቻርጀር ይሸጥ የነበረው፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ አራቱን ጫፍ በገመድ ጎትቶ ሱቁን በትከሻው ይዞ የሚሮጠው ልጅ ግን የለም። ሊስትሮውን ፈልገን አጣነው። እንዲህ ያለ የስልክ ንግግርም መዝግበናል፦

«የት ነህ?»

«ፒያሳ።»

«ፒያሳ የት ጋ?»

«ወንበሩ ጋ።»

«እኔም ወንበሩ ጋ ነኝ።»

«በጎንህ ምን አለ?»

«መብራት።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ወንበሩም መብራቱም በሄዱበት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ከዚህ የተገኘው ማረሚያ አጭር ነው፤ «የነበረበት ጋ» የሚለው አድራሻ የሚሠራው ነገሩ እንደነበረ የሚያውቅ ሰው በቦታው እስካለ ድረስ ነው። ሰፈሩ ሲነሣ ያ ሰውም ከነዕቃው፣ ከነዕድሩ ተነሥቶ የከተማዋ ዳርቻ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ፎቶ ቤቱ የት እንደነበር ዛሬም አስተካክሎ ያውቃል፤ የሚጠይቀው ግን እዚያ የለም። ልማቱን ያቀዱት ባለሙያዎች የውኃውንም የመብራቱንም መስመር ከመሬት በታች ሲቀብሩ ይህኛውን መስመር በዝርዝራቸው አላስገቡትም። በዝርዝሩ መግባት ነበረበት፤ ካዛንቺስን ያነሣም ሌላውን ሰፈር የሚያነሣም ሁሉ ቢያንስ ለሊስትሮው ቦታ ይተው።

እስከዚያው ፒያሳ ቀጠሮ ያላችሁ ምኒልክ ሐውልት ጋ ተቀጣጠሩ። በ1923 ዓ.ም. የቆመውን ሐውልት ጣልያን ነቅሎ ቀብሮት ነበር፤ ጥናቱ ከመዘገባቸው ምልክቶች ሁሉ ከተነሣ በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰው እሱ ብቻ ነው።