ስለ አንዲት ትርፍ ኦ የወጣ ዐዋጅ

ስማ ተሰማማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ፣ ማንም ሳይሾመን በገዛ ፈቃዳችን የእንግሊዝኛ ፊደል ዳኛ የኾንን፣ ፈረንሳዮች በእነርሱ አቆጣጠር በ1635 ለቋንቋቸው አካዳሚ ሲያቆሙ፣ በእንግሊዝ ግን ጆናታን ስዊፍት በ1712 እንዲህ ያለ ጉባኤ ይቋቋም ዘንድ ለግምጃ ቤቱ ሹም ጽፎ ቢለምን ሰሚ በማጣቱ፣ ወንበሩ እስከ ዛሬ ባዶውን መቅረቱን አይተን፣ ተቀምጠንበታልና ይህን ዐዋጅ አውጀናል።

ምክንያተ ዐዋጁም ይህ ነው። በአንድ ኦ የሚጻፈው ሉዝ ማጣትን፣ መጣልንና መሸነፍን ሲያመለክት፣ በኹለት ኦ የሚጻፈው ሉስ የላላውን፣ የሰፋውንና ከእስራቱ የተፈታውን የሚገልጽ ኾኖ ሳለ፣ ሕዝቡ ከሊቅ እስከ ደቂቅ ለፊተኛው ከኋለኛው አንዲት ኦ እየተበደረለት፣ ውሻው የጠፋበትን ሰው በየግንቡ በለጠፈው ማስታወቂያ «ውሻዬን ፈትቼ ለቅቄዋለሁ» አሰኝቶታል። አብሮት ሊፈልግ የሚገባው ጎረቤትም ይህን ሲያነብ ልጆቹን ሰብስቦ በሩን ይቀረቅራል፤ ባለ ውሻው አጽናኝ ሲጠብቅ የክስ መጥሪያ ይደርሰዋል።

የባሰም አለ። በ1611 በንጉሥ ያዕቆብ ዘመን የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ጌታ አልዓዛርን ካስነሣው በኋላ መግነዙን ይፈቱለት ዘንድ ያዘዘበትን ቃል በኹለት ኦ ጽፎታል። ከእነዚህ አንዲቱን ቸኩሎ የዘለለ ጸሐፊ፣ አራት ቀን በመቃብር ሰንብቶ ገና ብርሃን ያየውን ምስኪን «ጥሉትና ይሂድ» የሚል ትእዛዝ በመድኃኔ ዓለም አፍ ያኖራል፤ ማርታና ማርያም ይህን ቢሰሙ ምን ባሉ ነበር!

ስለዚህ ማጣትን የሚጽፍ ኹሉ አስቀድሞ አንዲት ኦ ይጣ ብለን ልንፈርድ ብዕራችንን ስናነሣ፣ ተከሳሾቹ ያልጠበቅነውን ምስክር አቀረቡብን። ይኸውም መምረጥ የሚባለው ቹዝ ነው። እርሱ በኹለት ኦ ይጻፋል፤ ሲነበብ ግን መጨረሻው ዝ እንጂ ስ አይደለም፤ እንግዲያስ ቹዝን ተምሮ ሉዝን በዚያው ልክ የጻፈ ሕፃን ጥፋቱ ምንድን ነው? ዝይ የሚባለውን ጉስ ብንጠራው ደግሞ ያው ኹለት ኦ ይዞ በስ ጨረሰ። ነገሩን ወደ ሥሩ ብንከታተል፣ ሉዝ ከጥንቱ ሳክሶን የተወረሰ፣ ሉስ ከሰሜን ባሕረኞች ጋር በመርከብ የገባ ኾኖ፣ ዊልያም ካክስተን በ1476 በዌስትሚንስተር ማተሚያውን ከተከለ ወዲህም አታሚዎች የአጻጻፉን ልማድ ሲያረጉት፣ አንደበቱ ግን በራሱ መንገድ ሲሄድ የኖረ መኾኑን አገኘን። ስለዚህ ሕዝቡን በነጻ አሰናብተናል።

ይህን ስናደርግ የራሳችንን ጓዳ አልዘነጋንም። በግእዝ በንጉሡ ሠ የተጻፈው ሠረቀ ወጣ፣ በእሳቱ ሰ የተጻፈው ሰረቀ ደግሞ ሌባ ኾነ ማለት ሲኾን፣ እኛ ግን ብዕራችን ያቀበለንን እያኖርን ፀሐይን በየማለዳው በሌብነት እንከሳታለን። ቢኾንም የሰው ጓዳ መጥረግ ከራስ ይልቅ ስለሚቀል፣ በእንግሊዞቹ ጀምረናል።

ቀስቱን የሚለቅ ቀስተኛና ገመዱን የሚፈታ መርከበኛ ኹለቱን ኦ ያለ ግብር ይጠቀሙ ዘንድ ፈቅደናል። ሕዝቡን አሳስቷል የተባለው ቹዝ ግን ተይዞ ይቈይ፤ ዋስ ባገኘ ጊዜም የመፍቻው ደብዳቤ በኹለት ኦ ይጻፍ፤ አለዚያ እስረኛው በእጃችን ጠፋ ተብሎ የምንጠየቀው እኛ ነን።