ስለ ጠመንጃ ልክና መለዋወጫ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!

እኛ፣ ሞረድ በቀኛችን የዘይት ጣሳ በግራችን ያኖርን የጠመንጃ ጠጋኝ፣ እስከ ዛሬ ብዙ ታግሰናል። ማንገቻው በዛጎል ያጌጠ፣ መርፌው ግን የተሰበረ ሞዘር፣ ሰደፉ በቅቤ ወዝቶ መዝጊያው የዛገ ምንሽር እየተቀበልን ዝም ብለናል። አሁን ግን በቃን። ስለሆነም የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ ስለ ሹመት። በብሎን ቦታ ምስማር፣ በሞላ ቦታ ሽቦ፣ በማንገቻ ቀለበት ቦታ የፌስታል ገመድ ሆነው በተጠባባቂነት የተሾሙ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ከሥልጣናቸው ተነሥተዋል። «ለጊዜው ነው» ተብሎ ገብቶ ከአባት ለልጅ የተላለፈ ምስማር የጡረታ መብት የለውም።

አንቀጽ 2፤ ስለ ልክ። መግባትና መግጠም ለየቅል ናቸው። የጎረቤትህን የሞዘር መዝጊያ ነቅለህ በራስህ ጠመንጃ ብትከተው ይገባል፣ ይዘጋል፣ አንተም ደስ ይልሃል። ነገር ግን በመዝጊያው ፊትና በጥይቱ ቂጥ መካከል ከልክ ያለፈች ቀጭን ክፍተት ከቀረች ቀለሁ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ትኩሱ ጋዝም የሚመለሰው ወደ ዓይንህ ነው። የሞዘር ፋብሪካዎች በመዝጊያውና በጠመንጃው አካል ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲመቱ የኖሩት ለጌጥ አይደለም። ቁጥሩ ካልተመሳሰለ መለኪያ ላለው ባለሙያ ሳታሳይ እንዳትተኩስ።

«7.62 ስጠኝ» እያልክ ጥይት የምትጠይቅ አንተም ስማ። የክላሹ ቀለህ 39 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የኤም-14ቱ 51፤ የፒኬኤሙ 54፤ የኤም-1ዱ 63። አራቱም 7.62 ይባላሉ፤ ሞክሼዎች ናቸው። የሞክሼህ ጫማ ልክህ እንደማይሆን ሁሉ የአንዱም ጥይት ለሌላው አይሆንም።

አንቀጽ 3፤ ስለ መለዋወጫ። የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ የታጠቀው ኤም-1 ስምንት ጥይት አቅፋ በምትገባ ቆርቆሮ ይጎርሳል። የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ቆርቆሮዋ ቅጭል ብላ ሽቅብ ትፈናጠራለች። ሣር ውስጥ ጠፍታ የቀረች ዕለት ባለስምንቱ ጠመንጃ አንድ አንድ እያጎረሱ የሚያስታምሙት ሽማግሌ ይሆናል። ስለዚህ ቆርቆሮዋ የሙሉ መለዋወጫ ማዕረግ ተሰጥቷታል፤ የጣላት ይፈልጋት!

መርፌ፣ ሞላ፣ የቀለህ መንጠቆና ብሎን ያለው ሰው ባለጸጋ ነው፤ ግን ልካቸውን አይቶ ካስቀመጣቸው ብቻ ነው። ዋናው ሳይሰበር መለዋወጫውን ገጥመህ እይ። መርፌው ከረዘመ የጥይቱን ቂጥ ይበሳል፣ ካጠረ ይከሽፍብሃል። ልክ ከሆነ ነቅለህ ዘይት ቀባው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ የየትኛው ጠመንጃ እንደሆነም ጻፍበት። ከባለቤትህ ሙዳይ ውስጥ ከጆሮ ጌጥና ከሸሚዝ ቁልፍ ጋር የተቀላቀለ ብሎን በሕግ ፊት እንደጠፋ ይቆጠራል። እመቤቲቱ ግን አትጠየቅም።

አንቀጽ 4፤ ስለ ቅጣት። ይህን ተላልፎ የተገኘ ለአንድ የሠርግ ወራት ፉከራ ታግዶበታል። ሌላው «ዘራፍ!» ሲል እሱ ጠላውን ይዞ ይቀመጣል።

አንቀጽ 5፤ ስለ ተሻሩ ልማዶች። «አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው» የሚለው ማስረጃ ተሽሯል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ግን የምር ሕግ ነውና አልነካነውም፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ከእኛ ዘንድ ሳይመጣ እሱን ይጨርስ።

ይህ አዋጅ የጥር ሠርግ ከመግባቱ በፊት የጸና ይሆናል። ጥይቱን ቤትህ ትተህ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይተህ ይዘህ ና። የጎደለ ብሎን ካለም ከበር ላይ ተናገር፤ ፈትተን እስክናገኘው አታድክመን።